የሚወልቅ ትከሻና ትዕግሥተኛው ታጋይ

ትግል ከሰው ልጅ ጋራ አብሮ የኖረ ጨዋታ ነው። እረኛ ከእረኛ፣ ወታደር ከወታደር፣ ተማሪ ከተማሪ ጋራ ክንዱን አጣምሮ ኀይሉን ሲፈትን ያልታየበት አገር የለም። ለዚህ ጨዋታ ፈረስም ጋሻም አያስፈልግም፤ ታጋዩ ወደ ሜዳ ይዞት የሚመጣው የገዛ አካሉን ብቻ ነው። ስለዚህም ታጋይ በተጎዳ ጊዜ የሚጎዳው መሣሪያው ሳይሆን እሱ ራሱ ነው።

ከአካል ክፍሎችም መካከል በትግል ጊዜ ከባድ ሸክም የሚያርፍበትና አንድ ጊዜ ከወለቀ በኋላ ደጋግሞ የሚያስቸግረው ትከሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ስለሚወልቅ ትከሻ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሰዎች ምን እንዳሰቡና ምን እንዳደረጉ ነው። በተለይም ትከሻው እየወለቀ ሳለ በአገሩ ትግል ከመጨረሻው ማዕርግ ላይ የደረሰውን የጃፓናዊውን የቺዮኖፉጂን ታሪክ እናወሳለን። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም ወጣቶችን ለሚያስተምር ሁሉ የቅርብ ጉዳይ ነው። የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

፩ የትከሻ አሠራር

የዳሌ መጋጠሚያ የጭኑን አጥንት ራስ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይዞ ያኖራል። የትከሻው ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም፤ የክንድ አጥንት ራስ በላዩ የሚቀመጠው ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ክንዳችን ወደ ላይም፣ ወደ ጎንም፣ ወደ ኋላም እንደ ልብ የሚዞረው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህን ነጻነት ያገኘው ጽናቱን ከፍሎ ነው። የአጥንቱን ራስ ከቦታው እንዳይወጣ የሚጠብቁት በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ከንፈር ሆኖ የተበጀው ለስላሳ ቀለበት፣ ጅማቶችና በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎች ናቸው።

ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶና ወደ ኋላ ተጣሞ ሳለ በኀይል የተገፋ እንደ ሆነ የአጥንቱ ራስ ወደ ፊት ሾልኮ ይወጣል። በሚወጣበትም ጊዜ ያንን ከንፈር ከአጥንቱ ላይ ይገነጥለዋል። ውልቃቱ ወደ ቦታው ቢመለስም የተገነጠለው ክፍል ብዙውን ጊዜ በትክክል አይገጥምም። እንግዲህ በመጀመሪያ ትከሻውን ለማውለቅ ትልቅ ኀይል ካስፈለገ፣ ለሁለተኛው ያነሰ ኀይል ይበቃል፤ ለዐሥረኛው ደግሞ በእንቅልፍ መገላበጥ ሊበቃ ይችላል። ይህም መመላለስ ከሽማግሌዎች ይልቅ በወጣቶች ላይ ይበረታል።

፪ የጥንት ሐኪሞች

ይህን ነገር በጽሑፍ ካተቱት ሰዎች መካከል ቀደምት የሆኑት ግሪኮች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመት መካከል በኖረው በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ ስለ መጋጠሚያዎች የሚናገር ሲሆን፣ የሚጀምረው በትከሻ ውልቃት ነው። ደራሲው የወለቀውን የሚመልስባቸውን ዘዴዎች በየተራ ይዘረዝራል፤ በሽተኛውን በምድር ላይ አጋድሞ፣ ተረከዝን በብብቱ አስገብቶ፣ ክንዱን በሁለት እጅ መሳብ ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስለ ተመላላሹ ውልቃት የጻፈው ነው። ብዙ ሰዎች ለስፖርት የተገቡ ሆነው ሳለ በዚህ ምክንያት ትተውት እንደ ቀሩ፣ ሌሎችም በጦር ሜዳ ክንዳቸው ከድቷቸው እንደ ጠፉ ይናገራል። በዚያ ዘመን ትግል ወጣት ለውትድርና የሚሰናዳበት ትምህርት ስለ ነበረ፣ ትከሻው የማይታመን ሰው ከሜዳው ብቻ ሳይሆን ከዜጎች ግዴታም ይጎድል ነበር።

ያቀረበው መድኀኒት አስጨናቂ ነው። የብብቱን ቆዳ ቆንጥጦ በመያዝ በቀጭን የጋለ ብረት መተኰስ፣ ከዚያም ክንዱን ሌሊትና ቀን ከጎን ጋራ አስሮ ማቈየት ነው። ጠባሳው ሲኰማተር የአጥንቱ ራስ የሚሾልክበትን ባዶ ቦታ ይዘጋዋል ብሎ ያስብ ነበር። አጥንቱ በማይወጣበት አቅጣጫ የሚተኵሱትንም ሐኪሞች ይነቅፋል። ዛሬ ማንም በዚህ መንገድ አይታከምም፤ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ውልቃቱን መመለስ ብቻ አይበቃም፣ የሚመላለስበትን በር መዝጋት ያስፈልጋል ማለት ነው።

፫ ወጌሻና ታጋይ

በአገራችን የወለቀውን የሚመልስ፣ የተሰበረውን የሚጠግን ወጌሻ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ባለሙያ ነው። በጃፓንም እንዲሁ ነበረ፤ በዚያ አገር ግን የወጌሻው ሙያና የትግል ትምህርት በአንድ ሰው እጅ ይገኙ ነበር። የጁጁትሱ መምህራን ሰውን የሚጥሉበትን ጥበብ ሲያስተምሩ የወለቀውንም መመለስ ያውቁ ነበር።

ጁዶን የመሠረተው ካኖ ጂጎሮ በ1877 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ መምህር ይፈልግ በነበረ ጊዜ ያደረገው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። የጁጁትሱ ትምህርት በዘመናዊው ሥልጣኔ ተንቆ ስለ ነበረ መምህር ማግኘት ቸገረው። ስለዚህ የአጥንት ጠጋኞችን ቤት እየፈለገ መጠየቅ ጀመረ፤ በዚህም መንገድ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ከተባለው መምህር ዘንድ ደረሰ። በ1920 የጃፓን መንግሥት የጁዶ ባለሙያዎች በአጥንት ጥገና እንዲሠሩ በሕግ ፈቀደ፤ ይህም ሙያ እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

ካኖ በ1882 በቶኪዮ ከተማ በኤይሾጂ ቤተ መቅደስ ትምህርት ቤቱን ባቆመ ጊዜ የጉዳትን ነገር ከትምህርቱ መሠረት አድርጎ አስገባው። በካኖ ሥርዓት ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። ያልተማረ ሰው ሲወድቅ እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ምድር ይዘረጋል፤ የውድቀቱም ኀይል ሁሉ በክንዱ በኩል ወጥቶ በትከሻው ላይ ያርፋል። የተማረው ግን አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጀርባውን እንደ ኳስ አድርጎ፣ ምድሩን በክንዱ ሙሉ እየመታ ኀይሉን ይበትነዋል። ዛሬም በጁዶ ውድድር ሊጠመዘዝ የተፈቀደው መጋጠሚያ ክርን ብቻ ነው፤ የተያዘው ሰው ባልደረባውን ወይም ምንጣፉን መታ መታ ባደረገ ጊዜም ወዲያው መልቀቅ ግዴታ ነው። ጀግናችን አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ የማራቶንን ድል ለሁለተኛ ጊዜ በተቀዳጀበት ኦሊምፒክ፣ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ጨዋታዎች ተራ ገባ።

፬ የቀዶ ጥገና ዘመን

በሃያኛው መቶ ዓመት ሐኪሞች የሂፖክራተስን ጥያቄ እንደ ገና አነሡት። ጀርመናዊው ፔርቴስ በ1906፣ እንግሊዛዊው ባንካርት ደግሞ በ1923 ተመላላሹን ውልቃት የሚያመጣው የጉድጓዱ ከንፈር ከአጥንቱ መገንጠሉ መሆኑን አስረዱ፤ ተገንጥሎ የቀረውንም ወደ ቦታው መልሶ የመስፋትን ዘዴ አስተማሩ። በ1954 ፈረንሳዊው ላታርዤ ከዚያው ከትከሻ ቁራጭ አጥንት ወስዶ በጉድጓዱ ፊት እንደ ግድብ የሚያቆምበትን ዘዴ አወጣ። በኋላም በጥቂት ቀዳዳ በኩል፣ በትንሽ መመልከቻ እየታየ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ተጨመረ።

እነዚህ ዘዴዎች ብዙ ስፖርተኞችን ወደ ሜዳ መልሰዋል። ነገር ግን ሐኪም የተቀደደውን ይሰፋል እንጂ ትከሻውን ያስቀደደውን የአያያዝ ልማድ አይለውጥም። ይህ የታጋዩና የመምህሩ ፈንታ ነው። ለዚህም የሚከተለውን ታሪክ በምሳሌነት እናቀርባለን።

፭ የቺዮኖፉጂ ታሪክ

ቺዮኖፉጂ በ1955 በሰሜን ጃፓን በሆካይዶ ደሴት ፉኩሺማ በምትባል ትንሽ ከተማ ከዓሣ አጥማጅ ቤተ ሰብ ተወለደ። የቤት ስሙ አኪሞቶ ሚጹጉ ነበር። በትምህርት ቤት ዝላይ የሚወድ ቀጭን ልጅ ሲሆን፣ የዚያችው ከተማ ተወላጅ የሆነው ታላቅ ታጋይ ቺዮኖያማ በ1970 ወደ ቶኪዮ ወስዶ በኮኮኖኤ የሱሞ ቤት አስገባው።

ሱሞን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ይገባል። ሁለት ታጋዮች 4 ሜትር ከ55 ሳንቲም ስፋት ባለው ክብ መድረክ ላይ ይገጥማሉ። ከክቡ የወጣ ወይም ከእግሩ መዳፍ በቀር ሌላ አካሉ ምድር የነካ ተሸነፈ። ክብደት አይለይም፤ ቀላሉ ከከባዱ ጋራ ይገናኛል። በዓመት ስድስት ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ቀን የሚፈጁ ውድድሮች ይደረጋሉ፤ የታጋዩም ማዕርግ ከየውድድሩ በኋላ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ከታች ባሉት ማዕርጎች ያሉት ደመወዝ የላቸውም። በጉዳት ምክንያት የቀረ ሰው ብዙውን ጊዜ ማዕርጉ ስለሚወርድ፣ ትከሻው የወለቀ ታጋይ በሁለት እሳት መካከል ይቆማል፤ ቢያርፍ ማዕርጉን ያጣል፣ ሳይድን ቢገባ ትከሻውን ያጣል።

ቺዮኖፉጂ በ1975 ወደ ላይኛው ክፍል ደረሰ፤ ነገር ግን ትከሻው፣ ይልቁንም ግራው፣ ይወልቅ ጀመር። ወዲያው ወረደ፤ እስከዚያው ደመወዝ እስከሌለው ማዕርግ ድረስም ተመለሰ። በ1978 መጀመሪያ እንደ ገና ወደ ላይ ወጣ፤ በማርች 1979 ግን ትከሻው በውድድር መካከል ወልቆ ወደ ሁለተኛው ክፍል ዝቅ አለ። በዚህ ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ብዙዎች የሥራው ፍጻሜ መስሏቸው ነበር።

የጉዳቱ ምክንያት ከችሎታው ጋራ የተያያዘ ነበር። ወጣቱ ክንዱ ብርቱ ስለ ነበረ ከእሱ እጅግ የሚከብዱትን ሰዎች በክንዱ ጐትቶ፣ ከምድር ነቅሎ መጣል ይወድ ነበር። ሕዝቡም ያንን ያደንቅለት ነበር። ክንዱ ከአካሉ ርቆ በተዘረጋ ቁጥር ግን የተቃዋሚው ክብደት ሁሉ በዚያ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ላይ ይወድቅ ነበር። ጭብጨባ ያስገኘለትና ትከሻውን ያወለቀው አንድ ልማድ ነው ማለት ነው።

ቺዮኖፉጂ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ሐኪም በመከረው መሠረት ረጅም ዕረፍት የሚጠይቀውን ቀዶ ጥገና ትቶ፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች እንደ ጥሩር አድርጎ ለማጠንከር ቈረጠ። በየቀኑ እስከ 500 ጊዜ በእጁ እየተደገፈ ምድር ይገፋ እንደ ነበር ይነገራል፤ ክብደትም ያነሣ ነበር። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን ትግሉን መለወጡ ነው። ቺዮኖያማ በ1977 ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘው መምህሩ ኪታኖፉጂ፣ ያን መጐተትና መወርወር እንዲተው መከረው። በምትኩ ገና ከመነሻው ፈጥኖ መግባትን፣ የተቃዋሚውን መታጠቂያ ከፊት በኩል በአጭሩ ጨብጦ፣ ክርኑን ከጎኑ ሳያርቅ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት መግፋትን ተማረ። በዚህ አያያዝ ክንዱ ከአካሉ ስለማይርቅ ሸክሙ በትከሻው ብቻ ሳይሆን በጭኑና በወገቡም ላይ ይከፋፈላል።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ፍሬው በአንድ ቀን አልታየም። በጃንዋሪ 1981 ግን በመጨረሻው ቀን ታላቁን ሻምፒዮን ኪታኖኡሚን በመለያ ግጥሚያ አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ኪታኖኡሚ በክብደት ከ40 ኪሎ በላይ ይበልጠው ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ሁለተኛውን ዋንጫ አግኝቶ 58ኛው ዮኮዙና ተባለ፤ ይህም በሱሞ የመጨረሻው ማዕርግ ነው።

በጠቅላላው 31 ዋንጫና 1,045 ድል አገኘ፤ የድሉ ብዛት በጊዜው ማንም ያልደረሰበት ነበር። በ1988 በተከታታይ 53 ጊዜ አሸነፈ። ነገር ግን ትከሻው ፈጽሞ ዳነ ማለት አይቻልም። በማርች 1989፣ በ14ኛው ቀን 27ኛውን ዋንጫ ባረጋገጠበት ግጥሚያ እንደ ገና ወለቀበትና የመጨረሻውን ቀን ቀረ። የሚቀጥለውንም ውድድር ሳይገባ ዐረፈ። በጁን ወር ሕፃን ልጁ ሞተችበት። በጁላይ ተመልሶ ዋንጫውን ወሰደ። የዛሬ ዐሥር ዓመት ቢሆን ኖሮ በወለቀ ትከሻ ገብቶ ይታገል ይሆናል፤ በ1989 ግን ማረፍንም ከሥልጠናው እንደ አንዱ ክፍል ያውቀው ነበር። በሜይ 1991 በ35 ዓመቱ ትግልን ተወ፤ በኋላም የኮኮኖኤን ቤት ይዞ ወጣቶችን ሲያሠለጥን ኖሮ በጁላይ 2016 በ61 ዓመቱ ዐረፈ።

፮ ከታሪኩ የምናገኘው

ከዚህ ታሪክ «ጠንክሮ የሠራ ሁሉ ያሸንፋል» የሚለውን ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን አላነበበም። ቺዮኖፉጂ ከ1979 በፊትም ጠንክሮ ይሠራ ነበር፤ ያ ጥንካሬ ግን በተሳሳተ መንገድ ላይ ስለ ዋለ ትከሻውን ከማውለቅ በቀር አልረዳውም። ያዳነው ደጋግሞ የሚመጣው ጉዳት የሚናገረውን መስማቱና የሚወደውን አያያዝ ለመተው መፍቀዱ ነው። ሰው የሚያስመሰግነውን ልማድ መተው ምድርን 500 ጊዜ ከመግፋት ይከብዳል።

ስለዚህ ወጣቶችን በትግልም ሆነ በጁዶ የሚያሠለጥን መምህር ጥቂት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባዋል። ትከሻው የወለቀበትን ተማሪ በሜዳው ላይ ማንም እንዲጐትተው አይፍቀድ፤ ከውልቃቱ ጋራ ስብራት ሊኖር፣ በብብት የሚያልፈው የደም ሥርና ነርቭም ሊጎዳ ይችላልና፣ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወደ ሐኪም ይውሰደው። ተማሪው የሚመለስበትን ቀን የውድድሩ ቀን አይወስነው፤ ክንዱ ያለ ሕመምና ያለ ፍርሃት መዞሩ፣ ኀይሉም ከደኅናው ክንድ ጋራ መተካከሉ ይወስነው። ሲመለስም ወደ ቀድሞው አያያዙ አይመለስ፤ መምህሩ ጉዳቱ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደ ደረሰ መርምሮ ሌላ መንገድ ያሳየው። ከሁሉም በላይ «ትከሻዬን አመመኝ» ያለውን ልጅ ፈሪ አይበለው። በዚህ ቃል የተሸማቀቀ ተማሪ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገ ሕመም ደግሞ ከመምህሩም ከሐኪሙም ዕርዳታ ውጭ ይሆናል።

ሂፖክራተስ የጻፈላቸው እነዚያ ስማቸው ያልታወቀ ወጣቶች ችሎታ እያላቸው ከሜዳ የቀሩት ብርታት አጥተው አልነበረም። የጎደላቸው ጉዳታቸውን የሚያስረዳቸውና ሌላ የትግል መንገድ የሚያሳያቸው ሰው ነበር። ቺዮኖፉጂ ያንን ሰው አገኘ፤ ቃሉንም ሰማ። በየትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ለሚወድቁትና ለሚነሡት ልጆች ያንን ሰው ሆኖ መገኘት የመምህሩ ሥራ ነው።