ከአሠልጣኝ ወንበር ወደ ማይክሮፎን

በአዊ ምድር ፈረስ ሳያውቅ ስለ ፈረስ የሚያወራ ሰው ቶሎ ይታወቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፣ ከዳር ቆሞ ግልቢያውን የሚተነትን አዛውንት ቃሉ የሚደመጠው ትናንት እሱም ኮርቻ ላይ ስለ ነበር ነው። የአሜሪካዊውን የዲክ ቫይታልን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያሉኝ እነዚህ አዛውንቶች ናቸው።

ቫይታል እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ጀርሲ ተወለደ። የግራ ዓይኑን ብርሃን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። በ1973 የዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ሆነና በአራት ዓመት ውስጥ 78 ጊዜ አሸንፎ 30 ጊዜ ተሸነፈ። በመጨረሻው ዓመት 21 ጨዋታዎችን በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ የዚያን ዓመት የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደውን ማርኬትን እንኳ በገዛ ከተማው ረትቷል።

ድሉ ወደ ባለሙያዎቹ ቡድን ወደ ዲትሮይት ፒስተንስ አደረሰው። እዚያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በመጀመሪያው ዓመት 30 አሸንፎ 52 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ዓመት 12 ጨዋታ እንደ ተካሄደ፣ በኅዳር 1979፣ ተሰናበተ። ዕድሜው 40 ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም ኢኤስፒኤን የተባለ የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ነበር። ቫይታል ታኅሣሥ 5 ቀን ዲፖል ከዊስኮንሲን ያደረጉትን ጨዋታ ለጣቢያው ተነተነ። በአሜሪካኖቹ ልማድ አንዱ ተናጋሪ ኳሷ ያለችበትን ይነግራል፤ ሁለተኛው ለምን እዚያ እንደ ደረሰች ያስረዳል። ሁለተኛው ወንበር የአሠልጣኝ ወንበር ነው፤ ልዩነቱ ተሸናፊ ቢኖር ከሥራ የማያስወጣ መሆኑ ብቻ ነው! ቫይታልም ወደ አሠልጣኝነት ሳይመለስ ከ40 ዓመት በላይ በዚያው ዘለቀ።

እኛም ከሜዳ ወጥቶ ሌላ በር የከፈተ ሰው አላጣንም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድናችንን በአሠልጣኝነት መርተዋል፤ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የእሳቸው በር ጠረጴዛ ነበር፤ የቫይታል በር ድምፁ።

ያንኑ ድምፅ ደግሞ በሽታ መጣበት። ከ2021 ጀምሮ ካንሰር ተመላለሰበት፤ በ2023 የድምፅ አውታሩን ያዘው። በድምፁ የሚያድር ሰው በሐኪም ትእዛዝ ዝም ብሎ በሰሌዳ ላይ እየጻፈ የሚግባባበት ጊዜ መጣ። በየካቲት 2025፣ በ85 ዓመቱ፣ የዱክንና የክሌምሰንን ጨዋታ ሊተነትን ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰ።

አንባቢዬ፣ አሠልጣኝን ማሰናበት ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ይበቃል። ዕውቀቱ ግን አብሮት ይወጣል። በየከተማችን ስንቱ አሠልጣኝ ያየውን ይዞ ቤቱ ተቀምጧል? ማይክሮፎን ባይኖር ጠያቂ እንኳ ቢያገኝ፣ የሜዳችን ታሪክ ግማሹ ከመቃብር በተረፈ ነበር።