የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ዕድሜና የታተመ ጥናት ታማኝነት

ከዲላ ከተማ ወጥቶ ቡናና እንሰት ከትላልቅ ዛፎች ሥር አብረው የሚበቅሉባቸውን የጌዴኦ ኮረብታዎች የሚያቋርጥ መንገደኛ፣ አንዳንዶቹ የቆሙ፣ አንዳንዶቹም የወደቁ ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችን ያገኛል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ድንጋዮቹም የዚሁ ቅርስ አካል ሆነዋል። የዕድሜያቸው ታሪክ ግን የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታተመ ጥናት አንብቦ መድኃኒት ለሚያዝ የጤና ባለሙያም ትልቅ ትምህርት ይዟል።

አባ አዛይስና ሻምባር የተባሉ ፈረንሳውያን በኢትዮጵያ ለአምስት ዓመታት ያደረጉትን አሰሳ በመጽሐፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው አርኪኦሎጂስት ሮዤ ዡሶም በጌዴኦ ቁፋሮ አካሄዱ። በዚያን ጊዜ በተደረገው ልኬት የድንጋዮቹ ዘመን እ.ኤ.አ. 1100 ገደማ ተብሎ ተጻፈ። ሌላ ልኬት ስላልነበረም የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ዕድሜ የሚታወቀው በዚሁ ቁጥር ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቻቸው ሳካሮ ሶዶ ከተባለው ስፍራ ባገኙት ማስረጃ፣ በዚያ ያሉት ድንጋዮች በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሳይቆሙ እንዳልቀሩ አሳተሙ። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የአንድ ሺህ ዓመት ልዩነት አለ።

ይህ ማለት የቀደሙት ተመራማሪዎች ዋሹ ማለት አይደለም። የእነርሱ ልኬት ለቆፈሩት ስፍራ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ የሚመጣው ከጥቂት ናሙና የተገኘው ቁጥር ለአካባቢው ሁሉ ሲሰጥ ነው። ሌላም ድክመት አለ። የሬዲዮ ካርቦን ልኬት የሚናገረው እንደ ከሰል ያለ፣ በአንድ ወቅት ሕይወት የነበረው ነገር ስላለው ዕድሜ ነው። ድንጋዩ መቼ እንደቆመ የሚታወቀው አብሮት ከተገኘው ነገር በመነሣት በግምት ነው። የተለካው አንድ ነገር፣ የተደመደመው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

በሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለው መንገድ ሕይወት አስከፍሏል። ከልብ ድካም አደጋ በኋላ የልብ ምት መዛባት የታየባቸው ሕሙማን የሞት አደጋቸው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ መዛባቱን የሚያስወግድ መድኃኒት ሞትንም ይቀንሳል ተብሎ ታመነ። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ መዛባቱን መቀነሳቸው በጥናት ስለተረጋገጠም ለብዙዎች ታዘዙ። ሞት ራሱ በተቆጠረበት ታላቅ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው ዝርዝር መሠረት፣ መድኃኒቶቹን ከወሰዱት 755 ሕሙማን 63ቱ ሲሞቱ፣ መድኃኒትነት የሌለው ማነጻጸሪያ ከተሰጣቸው 743 ሕሙማን የሞቱት 26 ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሎርካይናይድ በተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት በተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 9፣ ከማነጻጸሪያው ቡድን 1 ሰው ሞቱ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን የአጋጣሚ ነገር አድርገው ወሰዱት፤ መድኃኒቱም ለንግድ ምክንያት ስለተተወ ውጤቱ ሳይታተም ቀረ። ለሕትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። መጽሔት የሚያነብ ሐኪም የሚያየው የታተመውን ብቻ ነው፤ በመሳቢያ የቀረው አያስጠነቅቀውም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መረጃው ራሱ የማይታይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ላንሴት የተባለው ታዋቂ መጽሔት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የኮቪድ-19 ሕሙማንን ይጎዳል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ96,032 ሕሙማን መረጃ አለን ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀናት ውስጥ መድኃኒቱን የሚፈትንበትን ጥናት ለጊዜው አቆመ። ከአፍሪካ ሆስፒታሎች ይህን ያህል ዝርዝር የኤሌክትሮኒክስ መረጃ መሰብሰቡን የተጠራጠሩ ባለሙያዎች ጥያቄ አነሡ። መረጃውን የያዘው ድርጅት ለገለልተኛ መርማሪዎች ሙሉውን ለማስረከብ ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ፤ ጽሑፉም በሁለት ሳምንት ገደማ ተሰረዘ። መድኃኒቱ ለኮቪድ-19 እንደማይጠቅም በኋላ ያሳዩት በትክክል የተካሄዱ ሌሎች ጥናቶች ናቸው። መደምደሚያ በአጋጣሚ ወደ እውነት ቢጠጋም ማስረጃ የሌለው ማስረጃ አያገኝም።

ጆን ዮአኒዲስ እ.ኤ.አ. በ2005 በብዛት የተጠቀሱ 49 የሕክምና ጥናቶችን መርምረው ነበር። ሕክምናው ይሠራል ካሉት 45 ጥናቶች ውስጥ የ7ቱ ውጤት በኋለኞች ጥናቶች ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ፤ በሌሎች 7 የታየው ጥቅም ከተባለው ያነሰ ሆነ፤ 20ው ተረጋገጡ፤ 11ዱ በአብዛኛው መልሶ የፈተናቸው አልተገኘም። ስለ እነዚህ 11 ጥናቶች በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ታትመው መጠቀሳቸውን ብቻ ነው።

ከዲላ ሆስፒታል አንሥቶ ገጠር ጤና ኬላ ድረስ የሚሠራ ባለሙያ እነዚህን ጥናቶች ሁሉ እንደገና ማካሄድ አይችልም። ሆኖም ጥናቱ በእነማን ላይ እንደተደረገ፣ የተለካው የሕሙማኑ ሞትና ሕመም ነው ወይስ ምትኩ፣ ሌላ ቡድንስ ደግሞ አግኝቶታል ወይ ብሎ መጠየቅ ይችላል። የራሱን መዝገብ በጥንቃቄ መሙላትና ያልተጠበቀውንም ውጤት ማሳወቅ ይችላል። የሳካሮ ሶዶ ድንጋዮች ዕድሜ የታረመው ሌላ ሰው ሌላ ስፍራ ስለቆፈረ ነው። የድንጋዩ ስሕተት ሺህ ዓመት ቢቆይ ሰው አይሞትበትም፤ የመድኃኒቱ ስሕተት ግን በየዕለቱ በሕሙማን ላይ ይቆጠራል።