ኖርማል ስርጭት፦ ትኩሳት ከስንት ይጀምራል?

ደባርቅ ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ አዲ አርቃይ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይይዘዋል። አገሩ ሞቃት ነው፤ ወባም አለበት። ጤና ኬላ ገብቶ «ብርድ ብርድ ይለኛል፤ መገጣጠሚያዬን ይቆረጣጥመኛል» ያለ ሰው ቴርሞሜትር ብብቱ ሥር ይደረግለታል። 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ትኩሳት አለው ይባላል። 37.4 ቢሆንስ?

እዚህ ላይ የስታቲስቲክስ ሰዎች «ኖርማል ስርጭት» የሚሉት ነገር ይጠቅመናል። የብዙ ጤነኞች ሙቀት ተለክቶ በግራፍ ቢሰፍር አብዛኛው ልኬት መሀል ላይ ይከማቻል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በተራቀ ቁጥር ይሳሳል፤ ቅርጹ ደወል ይመስላል። እንቅልፍ፣ የእግር መንገድ፣ ዕድሜ፣ ሰዓቱ ራሱ ሙቀትን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ትናንሽ ምክንያቶች ሲደማመሩ ነው ቅርጹ የሚወጣው። «ኖርማል» የሚለውን እንዳለ የተውኩት «ጤናማ ስርጭት» ብንለው ዳር ላይ ያለው ሁሉ በሽተኛ ስለሚመስል ነው።

ደወሉን ሁለት ቁጥሮች ይወስኑታል፦ አማካዩ፣ እንዲሁም ልኬቶቹ በተለምዶ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን፣ ማለትም መደበኛ ልይይት። 37 ዲግሪን ያስለመደን ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊሽ ነው፤ 25 ሺህ ገደማ ሕሙማንን ለክቶ በ1868 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፊሊፕ ማኮዊያክና ባልደረቦቹ 148 ጤነኞችን በአፍ ለክተው አማካዩ 36.8 ሆኖ አገኙት፤ መደበኛ ልይይቱም 0.4 ገደማ ነው። በኖርማል ስርጭት 95 በመቶው ከአማካዩ በሁለት ልይይት ርቀት ውስጥ ስለሚወድቅ፣ አብዛኛው ጤነኛ በ36.0 እና በ37.6 መካከል ይገኛል። ከ1000 ጤነኞች 25 ያህሉ ግን ምንም ሳይነካቸው ከ37.6 ያልፋሉ። ብብት ከአፍ ዝቅ አድርጎ እንደሚያነብም አይዘንጋ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተለካ ሰው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢለካ ግማሽ ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ 37.5 ሰው ያሰመረው መስመር ነው። ዝቅ ቢል ጤነኛው በከንቱ ይጠረጠራል፤ ከፍ ቢል ታማሚው ያመልጣል። በወባ ወቅት ጤና ኬላ ደጅ የተሰለፈው ሕዝብ ደግሞ ጭራሽ አንድ ደወል አይሠራም። የጤነኞቹና የሚተኩሳቸው ሰዎች ሁለት ደወሎች ጫፍ ለጫፍ ተደራርበው ይገናኛሉ፤ 37.4 የሚገኘው እዚያ መደራረቢያው ላይ ነው። የትኛው ደወል ውስጥ እንዳለ ቴርሞሜትሩ ብቻውን አይነግረንም።

በዚያ ላይ የወባ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማታ ሲያንቀጠቅጠው ያደረ ሰው ጠዋት ላይ 36.9 ሊሆን ይችላል። ባለሙያዋ «ትናንትናስ ተኩሶህ ነበር?» ብላ የምትጠይቀው ለዚህ ነው። አዎ ካለ፣ ቴርሞሜትሩ ምንም ቢያነብ፣ ጣቱ ተወግቶ ደሙ ይመረመራል።