መጀመሪያ የቱ ይተርጎም?

እ.ኤ.አ. በ2004 ካምቦዲያ ውስጥ «ክመር ኦኤስ» የተባለ ሥራ ሲጀመር፣ ስሙን የሰማ ሰው ነፃው የኮምፒውተር ሥርዓት ሊኑክስ ከነሁለመናው ወደ ክመር ቋንቋ ሊተረጎም ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሥራውን የመሩት ስፔናዊው ኻቪየር ሶላ ግን ሊኑክስን ወደ ኋላ አቆዩት። በየቢሮውና በየኢንተርኔት ቤቱ የነበረው ኮምፒውተር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠራው በዊንዶውስ ነዋ! ስለዚህ በሁለቱም ላይ የሚሠሩ ሦስት ነፃ ፕሮግራሞች ቅድሚያ አገኙ፦ የኢንተርኔት ማሰሻው፣ የኢሜይሉ ፕሮግራምና ደብዳቤም ሒሳብም የሚሠራበት ኦፕን ኦፊስ። ለእነሱም ቢሆን ፎንትና ኪቦርድ መቅደም ነበረበት። ሜኑው በክመር ተጽፎ ተጠቃሚው በክመር አንድ መስመር መጻፍ ካልቻለ ምን ይረባል? ፎንቶቹ ዛሬም በካምቦዲያ በሰፊው ይሠራባቸዋል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ምርጫ ብዙም የተለመደ አልነበረም። የሊኑክስ ዴስክቶፖቹ ኬዲኢ በ1996፣ ግኖም በ1997 ሲጀመሩ የየአገሩ በጎ ፈቃደኞች ዴስክቶፑን በሙሉ ለመተርጎም ተሯሯጡ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ፋይሉ ውስጥ እንግሊዝኛው ከላይ፣ ባዶው ቦታ ከሥር ተቀምጧል። ባዶው ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ግኖም አንድን ቋንቋ «የተደገፈ» ብሎ የሚመዘግበው ከጽሑፉ ቢያንስ 80 በመቶው ሲተረጎም ነበር። መለኪያው ለተርጓሚው ብርታት መስጠቱ አይካድም፤ ጉድለቱ ግን «አስቀምጥ» የሚለውን የዕለት ተዕለት ትእዛዝ ማንም ከማያየው የስሕተት መልእክት ጋር እኩል መቁጠሩ ነው።

የደቡብ አፍሪካው የትርጉም ድርጅት ትራንስሌት ዶት ኦርግ ዶት ዜድኤ እንዲሁ ነበር የጀመረው። በ2001 በድዌይን ቤይሊ ሲመሠረት መጀመሪያ የያዘው ኬዲኢን ነው። ቆይቶ ፊቱን ወደ ኢንተርኔት ማሰሻው ወደ ሞዚላና ወደ ኦፕን ኦፊስ አዞረ፤ በ2004ም ኦፕን ኦፊስን በዙሉ፣ በሰሜን ሶቶና በአፍሪካንስ አወጣ።

ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ያደላደሉት የደቢያን ሰዎች ናቸው። ደቢያን ከአንጋፋዎቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች አንዱ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጭነው ፕሮግራም የሚናገረውን ሁሉ በደረጃ ከፋፈሉት። መደበኛውን ጭነት የሚያካሂድ ሰው ሁሉ የሚያየው ጽሑፍ ከላይ ተቀመጠ፤ እምብዛም በማይገኙ የኮምፒውተር ዓይነቶች ላይ ብቻ ብቅ የሚለው ወደ ታች ወረደ። ጊዜ ያጠረው ተርጓሚ ከላይ ጀምሮ እስከ ቻለው ይሄዳል፤ ቢያቆምም ድካሙ ከንቱ አይቀርም። የዚያኑ ያህል ጨካኞችም ነበሩ፤ ትርጉሙ ያልታደሰ ቋንቋ አዲሱ እትም ከመውጣቱ በፊት ከዝርዝሩ ይወጣል። ዌልሽ በ2007ቱ እትም ይህ ደርሶበት በ2009 ተመልሷል።

በዚያው በየካቲት 2009 በወጣው «ሌኒ» በተባለው እትም አማርኛ ከአዲስ ገቢዎቹ አንዱ ሆነ። ደቢያን ያን ጊዜ በ63 ቋንቋዎች ይጫን ነበር። ከእነዚህ 13ቱ ግን የሚመረጡት በሥዕላዊው ማሳያ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ የጽሑፍ ማሳያ ፊደላቸውን ማውጣት አይችልም። አማርኛም ከታሚል፣ ከታይ፣ ከጆርጂያኛና ከራሱ ከክመር ጋር እዚህ ምድብ ገባ። የግእዝ ፊደል የዓለም ፊደላት መመዝገቢያ ወደሆነው ዩኒኮድ ከገባ አሥር ዓመት ቢጠጋውም፣ በአሮጌ ማሽን በጽሑፍ ማሳያ ለሚጭን ሰው የአማርኛው ትርጉም የለም ማለት ነበር።

ተጠቃሚውን መከተል ሁልጊዜ ይክሳል ማለትም አይደለም። ሕዝቡ ወደ ስልክ ሲፈልስ ሞዚላ በ2013 ፋየርፎክስ ኦኤስ የተባለ የስልክ ሥርዓት ለገበያ አቀረበ፤ ተርጓሚዎቹም ፊታቸውን ወደዚያ መለሱ። በነሐሴ 2014 ሕንድ ውስጥ 1,999 ሩፒ የሚያወጣ ስልክ ተሸጠ፤ ሂንዲና ታሚል ይችላል። በካምቦዲያ የሠራው ሒሳብ እዚህም የሚሠራ ይመስል ነበር፤ ርካሽ ዕቃ፣ ብዙ ሕዝብ፣ የራስ ቋንቋ። ነገር ግን አንድሮይድ በዋጋ ወርዶ ደረሰበት፤ ሰዉ የለመዳቸው አፕሊኬሽኖችም እዚያ ነበሩ። በታኅሣሥ 2015 ሞዚላ ስልኩን በቴሌኮም ኩባንያዎች በኩል መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ።