የነቀርሳ ሕሙማንና የሰውነት እንቅስቃሴ፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት ከቶሮንቶ

በነቀርሳ የታመመን ሰው አስተኝቶ ማስታመም በእኛ ዘንድ የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሕክምናው ካበቃ በኋላም ሕመምተኛው «አትነሣ፣ አትድከም» እየተባለ ከቤት ይውላል። ልማዱ ግን የእኛ ብቻ አልነበረም፤ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ዕረፍትን ሲያዙ ኖረዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህ አስተሳሰብ በምንኖርበት አገር እንዴት እንደ ተለወጠ ለማመልከት እንሞክራለን።

በ1977 እ.ኤ.አ. ቀኝ እግሩን በአጥንት ነቀርሳ ያጣው ቴሪ ፎክስ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1980 ከሴንት ጆንስ ተነሥቶ በሰው ሠራሽ እግር በየቀኑ የማራቶን ያህል እየሮጠ ጁላይ 11 ቀን ቶሮንቶ ሲገባ፣ በናታን ፊሊፕስ አደባባይ 10,000 ያህል ሕዝብ ተቀበለው። በዚያው ወር ማብቂያና በኦገስት መባቻ፣ በኋላ የቶሮንቶ ነዋሪ ሆኖ በ2016 በዚህችው ከተማ ያረፈው ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ አገኘ። ፎክስ የሮጠው ለምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ነቀርሳው ወደ ሳንባው በመዛመቱ ከ143 ቀንና ከ5,373 ኪሎ ሜትር በኋላ ሩጫውን አቋረጠ፤ በ1981ም ዐረፈ። ስለሆነም ታሪኩ ሩጫ ነቀርሳን ይፈውሳል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ሕመምተኛ ከአልጋ ውጭ ሊታይ እንደሚችል ሕዝቡን አስተምሯል።

የሕክምናው ማስረጃ የመጣው ቆይቶ ነው። የጡት ነቀርሳ የታከሙ ሴቶች ክንዳቸው እንዳያብጥ ከባድ የእጅ ሥራ ይከለከሉ ነበር። በ1996 በቫንኩቨር ሐኪሙ ዶን ማክኬንዚ 24 ሴቶችን በረጅም የቻይና ጀልባ ላይ አስቀዘፈ፤ አዲስ እብጠት የደረሰባት ሴት አልተገኘችም። በማግስቱ ዓመት የቶሮንቶ ሴቶችም የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ።

በ2025 ደግሞ ካናዳውያን የመሩት ጥናት ይፋ ሆነ። የትልቁ አንጀት ነቀርሳ በቀዶ ጥገናና በኬሞቴራፒ ከታከሙት 889 ሰዎች መካከል፣ ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ እየተመሩ እንቅስቃሴ ያደረጉት ከ8 ዓመት በኋላ 90.3 በመቶ በሕይወት ሲገኙ፣ የጽሑፍ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው የተገኙት 83.2 በመቶ ናቸው። ግቡም በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ በመራመድ የሚደረስበት ነበር።

እንግዲህ እንቅስቃሴ ሕክምናን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ መሆኑ ግልጽ ነው፤ መጠኑንም ሐኪም ይወስን። ለወገኖቻችን የምናሳስበው ማስታመምን እንዲተዉ አይደለም። ጠያቂ ሆነው ሲሄዱ፣ አቅሙ ከፈቀደለት ሕመምተኛ ጋር ወጥተው በእግር ይራመዱ ዘንድ ነው።