ማጠናከሪያ ትምህርት

ማጠናከሪያ «ጠነከረ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው፤ የላላውን ማጽኛ ማለት ነው። በትምህርት ቤት ወደኋላ ለቀሩ ተማሪዎች ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በተጨማሪ የሚሰጥ ድጋፍን ያመለክታል። ከማካካሻ ይለያል፦ ማካካሻ የባከነን ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ተማሪ ይመልሳል፤ ማጠናከሪያ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ያልገባውን ለይቶ ያስተምራል።

ስለዚህ መነሻው ምዘና ነው። 2/3ን ከ1/4 ጋር መደመር ያቃተው ተማሪ ችግሩ ከክፍልፋይ በፊት ሊጀምር ይችላል፤ ማባዛት ካልቻለ የጋራ ታሕት አያገኝም። የክፍልፋዩን ትምህርት መደጋገም አይጠቅመውም። ማባዛትን በትንሽ ቡድን ተለማምዶ፣ እንደገና ተመዝኖ ወደ ክፍልፋዩ መመለስ አለበት።

በከፍተኛ ትምህርት የቅርብ ዘመዱ የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ ስላልሞሉ በ2015 ዓ.ም. ተጀመረ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ከተቀበሉት አንዱ ነው። ሪሚዲያል የሚደርሰው ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ ነው፤ ማጠናከሪያ ግን ክፍተቱ በታየበት ክፍል፣ ሳይውል ሳያድር ሊሰጥ ይገባል።