የኒውክለስ ቅርጽ፤ ከአኮቦ ወርቅ እስከ ጄኔቭ ሜርኩሪ

በማጂ ቆላ በአኮቦ ወንዝ ሸለቆ ባህላዊ አምራቾች ከአሸዋ አጥበው የሚያወጡት ወርቅ፣ በኒውክለሱ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እያንዳንዱ አቶም 79 ፕሮቶንና 118 ኒውትሮን ይዟል፤ ሌላ የተፈጥሮ ወርቅ አይሶቶፕ የለም። ቀለል ያሉት በቤተ ሙከራ ይሠራሉ፣ ዕድሜያቸውም አጭር ነው።

ኒውትሮን ሲቀነስ ኒውክለሱ በጥቂት በጥቂቱ እያነሰ መሄድ አለበት። እስከ ወርቅ 187 ድረስ (ቁጥሩ የፕሮቶኖችና የኒውትሮኖች ድምር ነው) የሚታየውም ይኸው ነው። ወርቅ 186 ላይ ሲደረስ ግን ልኬቱ በድንገት ያድጋል። ለሉል የቀረበው ኒውክለስ ሞላላ ሆኗልና።

ይህን ጠባይ አስቀድሞ የገለጠው የወርቅ ጎረቤት የሆነው ባለ 80 ፕሮቶኑ ሜርኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በጄኔቭ፣ በሴርን የኢዞልዴ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ከሜርኩሪ 187 ወደ 185 ሲወርዱ የኒውክለሱ ልኬት ዘልሎ አገኙት። ኋላ የተለኩት ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ጎረቤቶቹ ግን እንደ ቀድሞው ትንሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ የኢዞልዴ ጥናት እስከ ሜርኩሪ 177 ወርዶ፣ መዝለሉ በ181፣ በ183 እና በ185 ላይ ብቻ እንደሚታይ አረጋገጠ።

ልኬቱ ዛሬ የሚገኘው በሌዘር ነው። አንዳንድ ኤሌክትሮኖች በኒውክለሱ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ የፕሮቶኖቹ ስርጭት ሲሰፋ አቶሙ የሚቀበለው ብርሃን ድግግሞሽ በጥቂቱ ይለወጣል።

አንድ ኒውትሮን ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ሁለት ኃይሎች እኩል ለእኩል ሲፋጠጡ ነው። ማሪያ ገፐርት ማየርና ሃንስ የንሰን እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳስረዱት፣ 82ንና 126ን የመሰሉ ቁጥሮች የሞላ ምሕዋር ምልክት ናቸው፤ የሞላ ምሕዋርም ኒውክለሱን ወደ ሉል ይስበዋል። በአንጻሩ ጄምስ ሬይንዋተር፣ ኦገ ቦርና ቤን ሞተልሰን በውጭ ያሉ ቅንጣቶች ኒውክለሱን ሊያጣምሙት እንደሚችሉ አሳዩ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ1975 ኖቤል ተሸለሙ። ጥቂት ፕሮቶኖች ከ82ቱ ምሕዋር በላይ ያለውን ክፍተት ለመሻገር ጉልበት ይከፍላሉ፤ ከኒውትሮኖች ጋር ባላቸው መሳሳብ ግን ያንኑ መልሰው ያገኛሉ። መሳሳቡ የሚበረታው የኒውትሮን ቁጥር ከ82 እስከ 126 ባለው መካከል፣ 104 አጠገብ ነው። ሦስቱ ሞላላ ሜርኩሪዎች ያሏቸው ኒውትሮኖችም 101፣ 103 እና 105 ናቸው።

እርሳስ 186 ደግሞ ሦስት ቅርጾችን በአንድነት ይዟል። ሉል፣ እንደ ድፎ ዳቦ ጠፍጣፋና ሞላላ። እ.ኤ.አ. በ2000 በኔቸር መጽሔት እንደተዘገበው፣ ሦስቱ በጉልበት የሚራራቁት ከ0.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ባነሰ ነው። መላውን ኒውክለስ አስሮ የያዘው ጉልበት ከ1,400 ሚሊዮን ይበልጣል። ስለዚህ እነዚህን ቅርጾች በትክክል መተንበይ ለማንኛውም የኒውክለስ ንድፈ ሐሳብ ከባድ ፈተና ነው።

የ2018ቱ ጥናት የሜርኩሪን ቅርጾች ስሌት በጃፓኑ ኬ ሱፐር ኮምፒውተር ሠርቷል። የሙከራ ውጤቶቹን ለማጥናት ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ግድ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ የኒውክለስ መረጃዎችን ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪም ከእነዚሁ ሠንጠረዦች የሜርኩሪን ዝላይ ራሱ ሊስለው ይችላል።